ዳገት የማይወድ ጨጓራ

ቱላ ውስጥ ከአንገት በታች፣ ከእምብርት በላይ የሚያም ነገር ሁሉ ጨጓራ ነው። ጨጓራ ካልሆነ ብርድ ነው። ብርድም ካልሆነ ትናንት ማታ የተበላ ነገር ነው፤ እሱም ዞሮ ዞሮ ጨጓራ ላይ ያርፋል። ይህን የሚያስተምር ትምህርት ቤት የለም፤ ከገበያው እስከ ባጃጅ ተራው ድረስ ግን የማያውቀው ሰው አይገኝም። «ደረቴን…» ብሎ የጀመረ ሰው ሳይጨርስ አንዱ ተልባ፣ ሌላው አብሽ ያዝለታል፤ ቀለም ቀመስ የሆነው ደግሞ ኦሜፕራዞል።

ክፍለ ከተማ ነን። ሀዌላ ቱላ ከሀዋሳ ስምንት ክፍለ ከተሞች አንዱ ነው፤ ከአስፋልቱ ጥቂት ገባ ካሉ ግን የሚቀበልዎት እንሰትና ቡና ነው። ከተሜነታችን በመታወቂያ፣ ገጠሬነታችን በጓሮ ነው። በሕመም ጉዳይም እንዲሁ ሁለት ቦታ ቆመናል፤ ዳማከሴውን ከእጃችን ሳንጥል «ማሽን አላቸው ወይ?» ብለን እንጠይቃለን።

አንድ የማውቃቸው ቡና ነጋዴ አሉ። ስድሳን ተሻግረዋል። ሲጋራ ትተዋል፤ ይኸውም መግዛቱን ነው የተዉት፣ ከሰው ሲያገኙ ያጨሳሉ። ደም ግፊት እንዳለባቸው ከተነገራቸው ቆይቷል፤ ክኒኑን የሚውጡት ግን ራሳቸውን ሲያማቸው ብቻ ነው። ጨጓራቸው ደግሞ ጠባየኛ ነው። ቁጭ ብለው ቡርሳሜ በቅቤ ሲበሉ ዝም ይላል። ጥሬ ሥጋ ሲቆርጡም ዝም ይላል። ከገበያው ወደ ቤታቸው የሚያወጣውን ዳገት ሲጀምሩ ግን ደረታቸውን ጨምድዶ ይይዛቸዋል፤ ግራ ክንዳቸውም ይደነዝዛል። ያን ጊዜ ቆም ይሉና ያገኙትን ሰው ሰላም ማለት ይጀምራሉ። እንዴት ዋላችሁ፣ ልጆቹ ደኅና፣ ከብቶቹ ደኅና፣ ዝናቡስ በእናንተ በኩል እንዴት ነው። ከብቶቹ ላይ ሲደርሱ ሕመሙ ይለቃቸዋል። ደግሞ ትንሽ ይወጣሉ፣ ደግሞ ያማቸዋል፣ ደግሞ ሰላም ይላሉ። በዚህ የተነሳ «እንደሳቸው ያለ ሰው አክባሪ የለም» የሚል ስም አትርፈዋል።

«ጨጓራዬ ዳገት አይወድም» ይላሉ ራሳቸው።

ጨጓራን ከዳገት ጋር ምን እንዳጣላው የጠየቃቸው ሰው የለም። ለንደን ውስጥ ግን አንድ ጠያቂ ተገኝቶ ነበር፤ ያውም እ.ኤ.አ. በ1768። ዊሊያም ሄበርደን የተባለ ሐኪም ሲራመዱ፣ ይልቁንም ሽቅብ ሲወጡና ከምግብ በኋላ ሲሄዱ፣ ደረታቸውን አንቆ የሚይዛቸው፣ ቆም ሲሉ ደግሞ የሚለቃቸው ሰዎች መኖራቸውን ለሐኪሞች ጉባኤ አስረዳ። ሕመሙንም አንጃይና አለው። ያኔ ራጅ ሊፈለሰፍ ከመቶ ዓመት በላይ ይቀረው ነበር። ሄበርደን ጠየቀ፣ አዳመጠ፣ ጻፈ፤ በቃ። ለልብ ጡንቻ ደም የሚያደርሱት ቧንቧዎች መጥበባቸው እንደሆነ እንኳ አላወቀም። የኛን ነጋዴ ግን በዳገቱ ብቻ ይለያቸው ነበር።

እኛ ዘንድ የሚጠይቅ ሐኪም አይከበርም። ነጋዴው በልጆቻቸው ጉትጎታ አንድ ክሊኒክ ሄደው ነበር። ወጣቱ ሐኪም መቼ መቼ ነው የሚያምዎት፣ ስንት ደቂቃ ይቆያል፣ ሲያርፉ ይተዋል ወይ፣ አባትዎ በምን አረፉ፣ ያጨሳሉ ወይ እያለ ብዙ አቆያቸው። ሲወጡ ፊታቸው ጠቁሯል። «እሱ እንዲነግረኝ ብሄድ እኔን ይጠይቀኛል! ቢያውቅ ኖሮ ይጠይቀኝ ነበር?» በዕለቱ ቡና ላይ የተሰበሰበው ሁሉ በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀ። ለእኛ ጎበዝ ሐኪም ማለት ሳይጠይቅ የሚያውቅ ነው። እንዲህ ያለው ባለሙያ በአካባቢያችን ድሮም ነበር፤ ጫት በትኖ፣ ሲኒ ገልብጦ የሚያይ። ብቻ ነጭ ጋወን አልነበረውም።

ስለዚህ ማሽን ተፈለገ።

መጀመሪያ ኢሲጂ ተነሱ። ስድስት ሽቦ ደረታቸው ላይ፣ አራት እጅና እግራቸው ላይ ተለጠፈ፤ ወረቀቱም እየተንቀጠቀጠ ወጣ። ይህን መሣሪያ ሆላንዳዊው ቪለም አይንትሆፈን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ሲሠራው ክብደቱ ከ250 ኪሎ በላይ ነበር፤ የሚያንቀሳቅሱት አምስት ሰዎች ሲሆኑ በሽተኛው ደግሞ እጁንና እግሩን ጨው ውሃ በተሞላ ባልዲ ነክሮ ይቀመጥ ነበር። በ1924 ኖቤል ተሸለመበት። ዛሬ በብብት ተይዞ ይሄዳል፤ ምናልባትም የናቅነው ለዚህ ነው፣ በባልዲ ቢሆን ኖሮ ውጤቱን ከዚህ ይልቅ እናምነው ነበር።

የነጋዴው ወረቀት ጤነኛ ነው ተባለ። አጣጥፈው ከመታወቂያቸው ጋር ኪሳቸው ከተቱትና «ልቤ ንጹሕ ነው፤ አላልኳችሁም? ጨጓራ ነው» ብለው ወደ ቱላ ተመለሱ። በባጃጅ። ይህን ወግ ለባጃጁ ሹፌር ሲያወጉት ልጁ በመስተዋቱ አየት አደረጋቸውና «ፋዘር፣ ካንዴላው እሳት ሰጠ ማለት ቤንዚኑ ይደርሳል ማለት አይደለም እኮ» አላቸው።

ልጁ የተናገረው ለቀልድ ነው፤ ቱላ ውስጥ ስለ ልብ ከተባለው ሁሉ ግን ይህን የሚያህል አልሰማሁም። ኢሲጂ የልብን ኤሌክትሪክ ያያል፤ ካንዴላውን መሆኑ ነው። ኤኮ የሚባለው የልብ አልትራሳውንድ ደግሞ ጡንቻው ሲኮማተርና ሲላቀቅ፣ በሮቹ ሲከፈቱና ሲዘጉ ያያል፤ ሞተሩን። የነዳጁን ቱቦ ለማየት ሌላ መንገድ ያስፈልጋል። ቱቦው በከፊል የደፈነበት ባጃጅ ደግሞ ሜዳ ላይ ምንም አይሆንም፤ ይሄዳል፣ ክላክስ ያደርጋል፣ ይቀድማል። ከኋላ ሰው ሞልቶ ዳገት ሲጀምር ነው የሚያንቀው። የልብ ቧንቧም ከግማሽ በላይ ጠብቦ እንኳ ባለቤቱ አረፍ ብሎ ሲቀመጥ ላይሰማው ይችላል። አልጋ ላይ በጀርባ አስተኝቶ የተነሳ ኢሲጂ ሜዳ ላይ የተደረገ ፍተሻ ነው። (ቤንዚን በተገኘ ቀን ነው ይህ ሁሉ ወግ፤ የሀዋሳ ባጃጆች ቱቦአቸው ደኅና ሆኖም የሚቆሙበት ቀን ብዙ ነው።)

ልጆቹ አላረፉም፤ አባታቸውን ለኤኮ ወደ ሀዋሳ መልሰው ወሰዷቸው። ሸሚዝ ወለቀ፣ ቀዝቃዛው ቅባት ደረት ላይ ፈሰሰ። «ይኼ እርጉዝ የሚያዩበት አይደለም እንዴ?» አሉ ነጋዴው፤ አልተሳሳቱም። ድምፅ ልኮ የገደል ማሚቶውን የሚያዳምጥ መሣሪያ ነው። ስዊድን ሉንድ ውስጥ ኢንገ ኤድለር የተባለ ሐኪምና ሄልሙት ሄርትስ የተባለ የፊዚክስ ሰው በ1953 የሰው ልብ ሲንቀሳቀስ ያዩበትን የመጀመሪያ መሣሪያ ያገኙት ከሆስፒታል አልነበረም፤ ከማልሞ የመርከብ ፋብሪካ ተውሰው ነው። ፋብሪካው ብረት ውስጥ ስንጥቅ ይፈልግበት ነበር።

ውጤቱ መጣ፦ 67 ከመቶ።

እዚህ ላይ ጡረታ የወጡትን መምህር ማስተዋወቅ አለብኝ። የነጋዴው ጎረቤት ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ቀይ እስክሪብቶ ይዘው የኖሩ የሒሳብ መምህር። ከነጋዴው ጥቂት ቀደም ብለው፣ ለሌላ ጉዳይ ተልከው ኤኮ ታይተዋል። የእርሳቸው ልብ ያመጣው 58 ነው። ወረቀቱን ሲያዩ ደነገጡ።

«አርባ ሁለቱን የት ነው የጣልኩት?» አሉ።

ሐኪሙ ትዕግሥተኛ ነበር። ይህ ቁጥር ግራው የልብ ክፍል በያንዳንዱ ምት ከያዘው ደም ስንት እጁን እንደሚረጭ የሚናገር ነው፤ ጤነኛ ልብ ሁሉንም አይረጭም፤ ከ55 እስከ 70 ድረስ ደኅና ነው፤ ከ40 ሲወርድ ነው ልቡ ደክሟል የምንለው፤ 100 ያመጣ ልብ እስከ ዛሬ አልታየም አላቸው። መምህሩ አሰቡበት። «ታዲያ ለምን ከ70 አታርሙትም?» ብለው ጠየቁ።

ለዚህ መልስ የሰጣቸው የለም፤ እኔም ፍትሐዊ ጥያቄ ይመስለኛል።

ነጋዴው 67 ይዘው ሲመጡ ግን ሰፈሩ ሌላ መልክ ያዘ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50ና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ በሆኑበት አገር 67 የዋዛ ውጤት አይደለም። በቡና ሰዓት ይነሳል፣ በእድር ይነሳል። «መምህር ስንት ነበር ያመጣኸው?» ይላሉ ነጋዴው፣ እያወቁ። መምህሩ ሲኒያቸውን ያያሉ። ሌሎችም ጆሮ ሰጡ፤ ኤኮ ያልታየ ሰው ጨዋታ ውስጥ መግባት አቃተው። 62 ያመጣች ባለ ሱቅ ሁለቱን ለማስታረቅ ሞከረች።

መምህሩ ግን ያንኑ ዳገት ሳይቆሙ ይወጡታል። ማንንም ሰላም ሳይሉ። እንዲያውም ኩሩ ናቸው እየተባሉ ይታማሉ።

ኤኮ የደረሰ ጉዳትን በማየት ጎበዝ ነው። የልብ ድካም የያዘውን ይለያል፤ በልብ ምት የማይነቃነቀውን፣ ደም ተቋርጦበት የሞተውን የልብ ግድግዳ ያሳያል። ኤምአርአይ ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ ጋዶሊኒየም የሚባል ንጥረ ነገር ተወግቶ ጥቂት ሲቆይ ጤነኛው ሥጋ ይጠቁራል፣ የሞተው ሥጋ ነው ነጭ ሆኖ የሚያበራው። ገና ያልደረሰ ጉዳት ግን አይበራም፣ አይታይም። ቧንቧው ጠብቦ ጡንቻው እስካልሞተ ድረስ፣ ባለቤቱ አርፎ በተኛበት የታየ ኤኮ 67 ቢያመጣ ምን ይገርማል? ነጋዴው ሒሳብ ተፈትነው ባገኙት ውጤት የታሪክ ፈተና አልፌያለሁ እያሉ ነው። ይህን የነገራቸው ሐኪም ነበር፤ እሱ ግን ያ የሚጠይቀው ሐኪም ስለሆነ አልተሰማም።

በሌላው ጫፍ ያለውን ደግሞ ተመልከቱ። ገና ሠላሳ ያልሞላው አንድ ባለ ሱቅ አለ፤ ዳገቱን ኳስ እያንከባለለ የሚወጣ። ምንም አያመውም። ሆኖም አዲስ አበባ ወጥቶ «ቶታል ቼክአፕ» አድርጎ አንሶላ የሚያህል ፖስታ ይዞ ተመለሰ። ፊልሙን ወደ ፀሐይ አንስቶ ያሳየናል፤ አንዳንዴ ገልብጦ፣ አንዳንዴ አቅንቶ፤ አድናቆታችን በሁለቱም በኩል እኩል ነው። በልቡ ቧንቧ ያለው ካልሲየም ዜሮ ነው ተብሏል። ይህን ቆጠራ አርተር አጋትስተን የተባለ አሜሪካዊ የልብ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በ1990 ነው ያስተዋወቀው፤ ዕድሜው ለገፋ፣ ሥጋቱ መሐል ላይ ለሚዋልል ሰው ጥሩ መመዘኛ ነው። ዜሮ ከሆነ ሥጋቱ ዝቅ ያለ ነው፤ ከ400 ካለፈ ያሳስባል። በዚህ ልጅ ዕድሜ ግን ስቡ ቧንቧ ውስጥ ቢጀምር እንኳ ገና ለስላሳ ነውና ካልሲየም አይዝም፤ ዜሮ ባይሆን ነበር የሚደንቀው። አጋትስተን ራሱ በኋላ ብዙ የተሸጠ የአመጋገብ መጽሐፍ ጻፈ። ካልሲየም ከመቁጠር ሰው ምን እንደሚበላ መንገር እንደሚሻል የገባው ይመስለኛል፤ ወይም እንደሚያዋጣ።

ቧንቧውን ራሱን የማየት ታሪክ የድፍረትና የስሕተት ታሪክ ነው። በ1929 ቬርነር ፎርስማን የተባለ የ25 ዓመት ጀርመናዊ ሐኪም ቀጭን ቱቦ በክንድ ደም ሥር ልብ ድረስ ማስገባት ይቻላል ብሎ አለቆቹን ቢጠይቅ ተከለከለ። ነርሷን «አንቺ ላይ ነው የምሞክረው» ብሎ አሳምኖ ጠረጴዛ ላይ አሰራትና ቱቦውን ወደ ራሱ ክንድ ላከው፤ ቱቦው እንደገባ በእግሩ ወደ ራጅ ክፍል ሄዶ ልቡ ውስጥ መድረሱን በፊልም አስነሳ። ያተረፈው ተግሣጽ ነው፤ ኖቤሉ የመጣው በ1956፣ እሱ የልብን ነገር ትቶ የሽንት ቧንቧ ሐኪም ከሆነ በኋላ ነው። በ1958 ደግሞ ክሊቭላንድ ውስጥ ሜሰን ሶንስ የተባለ ሐኪም ሌላ ቦታ ሊረጭ ያሰበው የራጅ ቀለም ሳይታሰብ በቀጥታ የበሽተኛው የልብ ቧንቧ ውስጥ ገባ። ይህ ይገድላል ተብሎ የሚታመንበት ዘመን ነበር። ልቡ ቀጥ አለ፤ ሶንስ «ሳል! ሳል!» ብሎ ጮኸ፤ ሰውየው ሳለ፣ ልቡም ተነሳ። ፊልሙ ሲታጠብ ቧንቧው ከነቅርንጫፉ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ዛሬ አንጂዮግራፊ የምንለው ከዚያ ሳል የተወለደ ነው።

እኛ አገር ወደ ልብ የተዘረጋው እጅ መጀመሪያ የደረሰው ወደ ሕፃናት ነው፤ ተገቢም ነበር። ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1989 (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ ሕፃናት የልብ ሕሙማን መርጃ ማዕከልን መሥርተው፣ በ2009 ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ የልብ ሕክምና ማዕከል እስኪከፈት ድረስ ዓመታት ለፍተዋል። የብዙዎቹ ልጆች ልብ የተበላሸው በቅቤ አይደለም፤ በጉሮሮ ነው። በቶንሲል የጀመረ ሕመም በወጉ ሳይታከም ቀርቶ ቆይቶ የልብን በር ያኮማትራል፤ ይህንን ደግሞ ኤኮ አጥርቶ ያየዋል። እኛስ? ልጁ ጉሮሮውን ሲያመው «እንጥሉ ወርዶ ነው» ብለን በምላጭ እናስቆርጣለን። ፔኒሲሊን ሊከላከለው የሚችለውን ነገር በምላጭ አሳልፈን፣ ከዓመታት በኋላ ልጁ ደረጃ መውጣት ሲያቅተው ማሽን ፍለጋ አገር እንዞራለን። በዚህ ላይ መቀለድ ያስቸግረኛል፤ ልለፈው።

ለቅሶ ቤት ግን አልልፈውም። ድንኳን ውስጥ የሟችን ሕመም የሚተርክ አንድ ዘመድ አይጠፋም። ድሮ የሚተርከው ሟች ምን ብለው እንደተናዘዙ ነበር። አሁን የሚዘረዝረው ማሽን ነው፦ ራጅ ተነሱ፣ ሲቲ ገቡ፣ አዲስ አበባ ድረስ ወስደናቸው ያልታዩበት ማሽን የለም። ለቀስተኛው እያንዳንዱ ማሽን ሲጠራ «እህህ» ይላል፣ የቤተሰቡ ወግ ማዕረግ ከፍ ይላል። መቼ ነበር የወሰዳችኋቸው ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ቢጠየቅ፣ ደረታቸውን ጨምድዶ ላብ በላብ ካደረጋቸው በኋላ፣ ሌሊቱን በተልባ አሳልፈው ጠዋት ነው።

ነጋዴው ወደዚያ ዝርዝር ከመግባታቸው በፊት ልጆቻቸው ቀደሙ። እየለመኑም እየተቆጡም ወደ ሀዋሳ ወሰዷቸውና በመጨረሻ የድካም ፈተና ታዘዘላቸው፤ ደረት ላይ ሽቦ ተለጥፎ ባለበት በሚሮጥ መንገድ ላይ መራመድ፣ መንገዱም ቀስ በቀስ ሽቅብ ቀና ይላል። «ዳገቱን ሸሽቼ መጥቼ» አሉ ነጋዴው እያለከለኩ፣ «ገንዘብ ከፍዬ ዳገት!» ወዲያው ደረታቸው ተጨመደደ። የኢሲጂው መስመር ወደ ታች ሰመጠ፤ ሐኪሙ ማሽኑን አስቆመ። ከልማድ ብዛት ነርሷን «ልጆቹ ደኅና?» ብለው ሰላም አሏት።

ቀጥሎ የቧንቧውን ምስል በሲቲ ለማየት አዲስ አበባ ተጻፈላቸው፤ ከሀዋሳ 275 ኪሎ ሜትር። ሐኪሙ አስቀምጦ አስረዳቸው። በክንድ ቀለም ይወጋል፤ እሺ አሉ። ሰውነት ይሞቃል፣ ትንፋሽ ይያዛል፤ እሺ። ኩላሊት አስቀድሞ ይታያል፤ እሺ። ዋጋው ተነገራቸው፤ አይናቸውን ጨፈን አደረጉና እሺ አሉ። ልብ በፍጥነት ከመታ ምስሉ ስለሚደበዝዝ በደቂቃ ወደ 60 ገደማ ዝቅ እንዲል ማብረጃ ክኒን ይሰጣል፤ ለዚሁ ሲባል ከምርመራው በፊት ለ12 ሰዓት ቡና አይጠጣም አላቸው።

ነጋዴው ቀና አሉ።

«ቡና?»

«አዎ ጋሼ፣ ቡና።»

«ጭራሽ?»

«ጭራሽ።»

ወደ ልጆቻቸው ዞሩ፣ ወደ መስኮቱ አዩ፣ እንደገና ወደ ሐኪሙ ተመለሱ።

«ቅቤ ቢገባበትስ?»